«ሶሪ» መልስ አይጠብቅም

ባለፈው ዓመት፣ በክረምቱ መውጫ ላይ፣ በሠፈራችን አንድ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የሞተው ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው፤ የገደለውም መኪና። እናቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቃቸው በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ስነሣ፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለዕረፍት መጥቶ እኛ ቤት የነበረው የእኅቴ ልጅ «እኔም ልምጣ» አለኝና ይዤው ሄድኩ። ልጁ የተወለደውም ያደገውም እዚያው ነው። አማርኛው ግን ደኅና ነው፤ እናቱ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ እንዳይነገር ከልክላ ያቆየችለት አማርኛ ነው። በመንገድ ላይ «ለቅሶ ቤት ምን ይባላል?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ልነግረው አላሰብኩም።

ድንኳኑ ውስጥ ገብተን እናትየው ፊት ስንደርስ እኔ እንደ ወጉ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ብዬ አለፍኩ። እሱ ግን ጎንበስ አለ፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ዐይን ዐይናቸውን እያየም ቃሉን አንድ በአንድ ለቀም አድርጎ «በጣም ይቅርታ» አላቸው።

እናትየው ቀና አሉ። «ምን አድርገኸኝ ልጄ?» አሉት።

ልጁ ደነገጠ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንዲት ሴት ፈጠን ብለው፣ «ከውጭ አገር መጥቶ ነው፤ አዝኛለሁ ማለቱ ነው» ሲሉ አስረዷቸው። እናትየው ራሳቸውን በመረዳት ነቀነቁ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ይቅርታ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው» አሉ።

ሹፌሩ ያን ጊዜ በዋስ ወጥቶ ቤቱ ነበር። ከዘመዶቹ አንዱ ስልክ ደውሎ «በጣም አዝነናል» ብሏል ተባለ። ከዚያ በላይ ደጃፋቸውን የረገጠ አልነበረም።

እንግሊዝኛ ለሚያውቅ አንባቢ የሆነው ነገር ግልጽ ነው። ልጁ በልቡ ያሰበው «አይ አም ሶሪ» የሚለውን ነው፤ መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ ያገኘው ደግሞ «ይቅርታ» ነው። ስሕተቷ ትንሽ ናት፤ ሌላ ቦታ ብትሆን ያስቀን ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይህችን «ሶሪ» የምትባል ቃል በየሄድኩበት እየሰማሁ ስከታተላት ከረምኩ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። «እንግሊዝኛ አማርኛችንን በከለው» የሚለውን የታወቀ እሮሮ ለመድገም አይደለም፤ ቋንቋ ከቋንቋ ሲበደር የኖረ ነው፤ ዛሬ የኛ የምንላቸው ስንት ቃላት ትናንት እንግዳ ነበሩ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህች ቃል በአፋችን ስትገባ ማንን አስነሥታ ነው የተቀመጠችው?

* * *

በመጀመሪያ ቃሉን በአገሩ እንየው። «ሶሪ» ከጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ የዚያም መነሻ ቁስል፣ ሕመም ማለት ነው። ዛሬ እንግሊዞች የቆሰለ ወይም የሚጠዘጥዝ ገላን የሚጠሩበት «ሶር» የተባለው ቃል የቅርብ ዘመዱ ነው። ብዙ ሰው «ሶሪ» ኀዘን ከሚለው «ሶሮው» የወጣ ይመስለዋል። ምንጫቸው ሁለት ነው፤ ጉርብትናቸው ሲበዛ በመልክም በትርጉምም ተቀራረቡ እንጂ።

እንግዲህ «አይ አም ሶሪ» ያለ ሰው በሥሩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው። «ቆስያለሁ፤ ያመኛል» ነው የሚለው። ለምን እንደሚያመው ቃሉ አይናገርም። ስለ በደለህ ሊያመው ይችላል፤ ሌላ ሰው ስለ በደለህም ሊያመው ይችላል፤ ማንም ሳይበድልህ እግዜር ያመጣብህን አይቶም ሊያመው ይችላል። ለዚህ ነው እንግሊዞች በአንዷ ቃል የሚያጽናኑባትም፣ ጥፋት የሚያምኑባትም። ሰው ሲሞት ሶሪ ነው፤ እግር ሲረገጥ ሶሪ ነው፤ የተናጋሪው ቃል ሳይሰማ ሲቀር፣ እኛ «አቤት?» ወይም «ምን አልክ?» በምንልበት ቦታ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ሶሪ ነው፤ የሰውን አሳብ ሊያፈርሱ ሲነሡ «ሶሪ፣ ግን . . .» ነው። የከፋና የተጎሳቆለ ነገርም «ሶሪ» ይባላል፤ እኛ «ሲያዩት የሚያሳዝን» እንደምንለው። ኬት ፎክስ የተባለችው እንግሊዛዊት የማኅበረሰብ ተመራማሪ የአገሯን ሰው ጠባይ ባጠናችበትና እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሆን ብላ በየአደባባዩና በየባቡር ጣቢያው ሰው እየገጨች እንደ ሞከረችው ጽፋለች። ከተገጩት እንግሊዞች የሚበዙት፣ ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ሳለ፣ «ሶሪ» ያሏት እነሱ ናቸው።

የቃሏን ጥንታዊ ትርጉም ከማንም አብልጠው የጠበቁት ደግሞ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ይመስሉኛል። በእነሱ እንግሊዝኛ የለቅሶና የቀብር ሥርዓት ሁሉ «የሶሪ ጉዳይ» ነው የሚባለው። ጥፋት የሚባል ነገር የለበትም፤ ንጹሕ ኀዘን ነው።

* * *

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አልጠቀለለውም፤ ለየቅሉ አድርጎታል።

ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን። ይህችን ቃል በሰዋስው ዐይን ያያት ሰው ይገረማል። ተሳቢ ናት፤ ግን ግሷ የለም። «እኔን ይድፋኝ»፣ «እኔን ይንካኝ» የሚለው ሙሉ ንግግር ጫፉ ብቻ ቀርቶ ነው። እንግሊዙ «ያመኛል» ሲል እኛ «አንተን ከሚያምህ እኔን ይመመኝ» ማለታችን ነው። ለታመመ፣ ለተጨነቀ «አይዞህ» አለ። ሰው ለሞተበት ግን ስለ ራሳችን ስሜት አንናገርም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብለን ወደ ላይ እንለምናለን።

የበደለ ሰው ቃል ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። «ይቅርታ» «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ይቅር» ማለት በደሉ፣ ቂሙ፣ ብድሩ «ይተው» ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በዳዩ ይህን ቃል በራሱ ሥልጣን ሊናገረው አይችልም። «ይቅር በለኝ» ነው የሚለው። ይኸውም «‹ይቅር› የምትለዋን ቃል አንተ በላት፤ ከአንተ አፍ ልስማት» ማለቱ ነው። «አፉ በሉኝ» የሚለውም አሠራሩ እንደዚሁ ነው። ቃሉ የተበዳዩ ንብረት ነው፤ በዳዩ ሊለምነው እንጂ ሊወስደው አይችልም። እንግሊዝኛው «ሶሪ» በተናጋሪው አፍ ተጀምሮ በተናጋሪው አፍ ያልቃል። አማርኛው «ይቅርታ» ግን መልስ ካላገኘ ግማሽ ነው።

የጥንቱ ወግ ይህን በዐይን እንዲታይ አድርጎት ነበር። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ራስ መንገሻ ዮሐንስ በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ለዐፄ ምኒልክ ሲገቡ እንዲህ አድርገው እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። የድንጋዩ ትርጉም ለሁሉም ግልጽ ነው፤ በደል ይከብዳል፤ ሸክሙን የሚያስወርደውም የተበደለው ነው። ይህን ሁሉ ሥርዓት ለእግር ርግጫ እንፈጽመው የሚል እብድ የለም። ግን ቃሉ ከየትኛው ዓለም እንደ መጣ ማወቁ ይጠቅማል።

* * *

ታዲያ ከተሜው አፍ ላይ «ሶሪ» ለምን እንዲህ ጣፈጠች?

አንዱ ምክንያት፣ መቸም ሐቁን እንነጋገር ከተባለ፣ ክፍት ቦታ ስለ ነበረ ነው። ታክሲ ውስጥ በማያውቁት ሰው ጭን ላይ ቦርሳ ሲያስቀምጡ፣ ወረፋ ላይ ትከሻ ሲገፉ፣ የተሳሳተ ስልክ ሲደውሉ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት ለዝንብ ጎራዴ እንደ መምዘዝ ነው። «ሶሪ» ቀላል ናት። ዕድሜና ማዕረግም አትመርጥም፤ «አንተ» ልበለው ወይስ «አንቱ» ከሚል ጭንቀት ታድናለች። በእርግጥ «ይቅርታ» ብቻውን ሲባልም ይህንኑ ያደርጋል። ነገር ግን በውስጡ ያች የልመና ክብደት ስላለች የከተማ ሰው ለጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ሊያወጣት ይሰስታል። ስለዚህ «ሶሪ» እዚህ ታችኛው እርከን ላይ ብትቀመጥ እኔ አልከፋም። እንዲያውም ትልቁን ቃል ከመርከስ አድናዋለች እላለሁ።

ችግሩ የመጣው ደረጃውን መውጣት ስትጀምር ነው። ባል ሚስቱን በሰው ፊት አዋርዶ ማታ «ሶሪ» ይላታል። ሠርጓ ላይ ያልመጣ ወንድም በሳምንቱ በስልክ ጽሑፍ «ሶሪ፣ ቢዚ ሆኜ ነው» ብሎ ይልካል። ገንዘብ ተበድሮ ዓመት የጠፋ ጓደኛ መንገድ ላይ ሲገናኝ «ሶሪ በናትህ» ይልና ትከሻ መታ አድርጎ ያልፋል። ያኛው ዝም ካለ ወይም ፊቱን ካጠቆረ ደግሞ ምን እንደሚከተል ሁላችንም ሰምተናል፦ «ሶሪ አልኩህ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

እኔ የዚህን ጽሑፍ ነገር ሁሉ የማየው በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። «ሶሪ አልኩህ እኮ» የሚል ሰው ዕዳ ከፍሎ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰው ነው። ቃሉን ተናገረ፤ አበቃ። አሁን ጥፋተኛው ያልተቀበለው ሆነ። «ይቅር በለኝ አልኩህ እኮ» ብሎ መቆጣት ግን ያስቸግራል፤ ለማኝ «ስጠኝ አልኩህ እኮ» ብሎ እንደማይቆጣ ሁሉ። የምላሹም መልክ ተለውጧል። ለይቅርታ የሚሰጠው መልስ «ይቅር ለእግዜር» ነበር። ለሶሪ የሚሰጠው «ኖ ፕሮብሌም» ነው፤ ችግር የለም። ችግር እያለ «ችግር የለም» እየተባባልን ስንለያይ ችግሩ ከመካከላችን ተቀምጦ ይቀራል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

* * *

የቃላት ነገር ለቃላት ሰዎች ብቻ የሚተው የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በእነዚህ ቃላት ምክንያት መንግሥታት ተፋጠው እንደ ነበር ላስታውሰው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 አንድ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በቻይና ሐይናን ደሴት አቅራቢያ ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጨ። ቻይናዊው አብራሪ ሞተ፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ደሴቲቱ ላይ አርፎ 24 ሠራተኞቹ ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ካልተጠየቅሁ አለች፤ አሜሪካ አላጠፋሁም አለች። በአሥራ አንደኛው ቀን የአሜሪካ አምባሳደር የፈረሙበት ደብዳቤ ተሰጠ። በደብዳቤው ሁለት ጊዜ «ቬሪ ሶሪ» ተብሏል፤ አንድ ጊዜ ስለ አብራሪው ሞት፣ ሁለተኛ ጊዜ ቃል ሳይቀበሉ በቻይና አየር ገብተው ስለ ማረፋቸው። ሰዎቹም ተለቀቁ። ቻይናዎች ለሕዝባቸው «ይቅርታ ጠየቁን» አሉ፤ አሜሪካኖች ለሕዝባቸው «ማዘናችንን ገለጽን እንጂ ጥፋት አላመንም» አሉ። በአንድ ቃል ሁለቱም አሸነፉ። «ሶሪ» ሁለት ፊት ስላላት ነው ይህ የተቻለው።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ እንደ ተወሰዱ የሚዘረዝረው የምርመራ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ሕዝቡ ግንቦት 26ን «የሶሪ ቀን» ብሎ ማሰብ ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በ1999 በፓርላማ ጸጸት ተገለጸ አሉ፤ «ሶሪ» የምትለዋን ቃል ግን አልወጣቸውም፤ የዛሬው ትውልድ ለትናንቱ ጥፋት ሊጠየቅ አይገባም ባይ ነበሩ። ቃሏን በፓርላማ ቆመው የተናገሯት ተተኪያቸው ኬቨን ራድ ናቸው፤ የካቲት 13 ቀን 2008። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያችን ቃል የጠበቁ አዛውንት በምክር ቤቱ ተቀምጠው እያለቀሱ ሰሟት።

ለእኛም ቢሆን ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች በአገር ሽማግሌዎች አማላጅነት በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። ከመካከላቸው አንዷ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ2001 ዓ.ም. ወደ ስዊድን ሄደው ያደረጉት ንግግር ክርክር አስነሣ፤ መንግሥት «ይቅርታ አልጠየቅሁም ብለዋል፤ ቃልዎን ያስተባብሉ» አለ። እሳቸውም «ቃሌ» በሚል ርእስ ጽፈው መልስ ሰጡ። በታኅሣሥ ይቅርታው ተሰርዞ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባቸው፤ የተፈቱት በመስከረም 2003 ነው። ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ልተወውና ቋንቋውን ብቻ ልመልከት። ሽማግሌ መካከል ገብቶ የሚባለው «ይቅር» እና የሕግ ሰው በፊርማ የሚሰጠው «ይቅርታ» በአማርኛ ስማቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ሁለቱን ወገኖች ያስታርቃል፤ ሁለተኛው ጥፋተኛነትን ይጽፋል። በአንድ ቃል ሁለት ነገር ስለ ጠራን፣ «ጠይቀሻል ወይስ አልጠየቅሽም?» የምትለው ጥያቄ የአንድ ሰው ሃያ አንድ ወር ወሰደች።

ሕግ ከዚህች ቃል ጋር ሲታገል በየአገሩ ታይቷል። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በ1970ዎቹ የአንድ የምክር ቤት አባል ልጅ ብስክሌት ስትነዳ መኪና ገጭቶ ገደላት። ሹፌሩ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ «ሶሪ» አላለም። አባትየው ሲጠይቁ፣ «ሶሪ ካለ ፍርድ ቤት ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጥርበታል፤ ፈርቶ ነው» ተባሉ። ከዚህ የተነሣ በ1986 በዚያ ግዛት ሕግ ወጣ፤ አደጋ ላደረሰበት ሰው ማዘኑን የገለጸ ሰው ቃሉ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብበት የሚል። ሌሎች ግዛቶችና የካናዳ ክፍላተ ሀገር ተከተሉት። ኦንታሪዮ በ2009 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ጥፋት የሚያምነውን ይቅርታ ሳይቀር ከለላ ሰጠው። እኔ ይህን ሳነብ የማስበው የሠፈራችንን እናት ነው። ቢነገራቸው እኚያን አባት በደንብ ይረዷቸዋል። የአባትየው ሐዘን «ሶሪ» ስላልሰሙ ነበር፤ የእኚህኛዋ ግን «ሶሪ»ዋ በስልክ ደርሳቸው ነበር። የጎደለው «ይቅር ይበሉኝ» የሚላቸው ሰው ነው።

* * *

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በሕይወት ባለው ንግግር ላይ ነው። በጽሑፉና በሥክሪኑ ላይ ያለው በደል ግን ጎልቶ ስለሚታይ ዝም ልለው አልችልም።

በውጭ ፊልሞች ትርጉም ላይ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ይደክማሉ። ነገር ግን እንግሊዝኛው «ሶሪ» ባለ ቁጥር ሁሉ «ይቅርታ» እየተባለ ሲተረጎም ምን እንደሚሆን አስተውላችኋል? መርማሪ ፖሊሱ በር አንኳኩቶ የልጇን ሞት ለእናት ያረዳል፤ ቀጥሎም «ይቅርታ» ይላል። ልጁን የገደለው እሱ መሰለ እኮ! ሐኪሙ «ልናድነው አልቻልንም፤ ይቅርታ» ይላል፤ ተመልካቹ የሐኪሙን ጥፋት ሲፈልግ ይቀራል። ፍቅረኛዋ የካዳትን ልጅ ጓደኛዋ ዐቅፋ «ይቅርታ» ትላታለች፤ «አይዞሽ» ወይም «እኔን» ማለት ሲገባት። የተርጓሚው ሥራ የቃል ምትክ መፈለግ አይደለም። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ የኛ ሰው ምን ይል ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። የእኅቴ ልጅ የሠራው ስሕተት ያድጋል፤ ይታረማል። በየምሽቱ በየቤቱ የሚደገመው ስሕተት ግን ልማድ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ የከተማ ልጆች ለቅሶ ቤት «ይቅርታ» ሲሉ መስማት ጀምሬአለሁ፤ አንዳቸውም ሲልቨር ስፕሪንግን አያውቁም።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውን ያላየ የለም። ለመሆኑ መጉላላቱን የፈጠረው ማን ነው? ግሡ ተደራጊ ስለ ሆነ ራሱ በራሱ የተፈጠረ ይመስላል። ከዚህ የባሰው «ለሚፈጠረው መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው ነው። ነገ ሊመታህ ያሰበ ሰው ዛሬ ይቅርታ ጠይቆህ ሲሄድ እንደ ማለት ነው። ይህ በአማርኛ ልብስ የተሸፈነ «ሶሪ» ነው፤ መልስ የማይጠብቅ። ወረቀት ላይ ለተለጠፈ ይቅርታ «አይ፣ አላደርግም» የሚል መልስ ለማን ይሰጣል?

* * *

ይህን አሳቤን ላጫወትኳት አንዲት ወዳጄ ያነሣችው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ አንባቢን መሸንገል ይሆንብኛል። «አንተ ይቅርታን ታሞግሳለህ፤» አለችኝ፤ «እኔ ግን ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሴቲቱን ከበው፣ ‹በይ እንግዲህ ይቅር በይው፤ ሽማግሌ አይናቅም› ሲሏት ያየሁት ስንት ጊዜ ነው! ጥርሷን ነክሳ ‹ይቅር› ትላለች፤ በሳምንቱ ይደበድባታል። ሶሪ ቢያንስ ምንም አታስገድድም። ያለው ይበል፤ እኔ ልቀበል ላልቀበል የራሴ ነው።»

እውነቷን ነው። መልስ የሚጠብቅ ቃል መልስ ወደሚያስገድድ ቃል ሲለወጥ ከሶሪ ይከፋል። ለወዳጄ የሰጠኋት መልስ የሚከተለው ነው። ይቅርታ ልመና ነው ካልን፣ ልመና ደግሞ የሚከለከል ነገር ነው። «እምቢ» ማለት የማይቻልበት ይቅርታ ልመና መሆኑ ቀርቶ ግብር ሆኗል። ስለዚህ በሽምግልናው ላይ ያላት ቅሬታ ቃሉን የሚያፈርስ አይደለም፤ ቃሉ ወደ ትርጉሙ እንዲመለስ የሚጠይቅ ነው። «ይቅር በለኝ» ያለ ሰው «አልልህም» የሚለውንም ለመስማት ተዘጋጅቶ መቅረብ አለበት። በኔ ግምት ከ«ይቅርታ» ሸሽተን ወደ «ሶሪ» የተጠጋነው ቃሉ እንግዳ ስለ ሆነብን አይደለም፤ ይህችን «አልልህም»ን ፈርተን ነው። ወዳጄ ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም። «ወንድ ስለ ሆንክ ነው እንደዚህ የሚቀልህ» አለችኝ። እሱንም ይዤው አለሁ።

* * *

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። የልጁ አርባ በወጣ ዕለት ሦስት ሽማግሎች ሹፌሩን አስከትለው መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ከሟቹ ብዙም አይበልጥም። ገና ከበሩ ሲገባ ተንበረከከ፤ በጉልበቱ እየተጎተተ እግራቸው ሥር ደርሶ ወደቀ። ምን እንዳለ በደንብ አልተሰማም፤ «እናቴ» የሚለው ብቻ ነው ከለቅሶው መካከል የተለየው። ሽማግሎቹ ቆመው «ይቅር ይበሉት» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እናትየው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ዛሬ አልችልም። ሌላ ቀን ኑ» አሉ።

አንዳንድ ሰው አጉረመረመ። ከሽማግሎቹ ትልቁ ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙትና «እንመጣለን እናታችን» ብለው ልጁን ከመሬት አነሡት። እናትየውም «ውኃ ስጡት» አሉ። ጠጥቶ ወጣ።

የእኅቴ ልጅ ወደ አገሩ ከተመለሰ ወር አልፎት ነበር፤ ማታውኑ ደወለልኝ። ያች «ምን አድርገኸኝ?» የምትለው ጥያቄ ከልቡ አልወጣችም ኖሯል። ሹፌሩ መምጣቱን ስነግረው፣ «ሶሪ አላቸው?» ብሎ ጀመረና ራሱ አቋረጠ።

«ይቅርታ ጠየቃቸው?» አለኝ።

«ጠየቃቸው።»

«ምን አሉት ታዲያ?»

«‹ሌላ ቀን ኑ› አሉ።»

ጥቂት ዝም አለ። «ይመጣሉ?» አለኝ።

«ይመጣሉ» አልኩት።